የተረከዝ ጅማት እየነዘነዘ በጭቃ አገር አቋራጭ መሮጥ፦ 16 ቀን ሲቀር ምን ይደረግ?

ኮች_ስድስትኪሎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት የ10 ኪሎሜትር አገር አቋራጭ ሯጭ ውድድሯ 16 ቀን ቀርቶታል። የግራ እግሯ የተረከዝ ጅማት ይነዘንዛታል። የሚያመው ከተረከዙ አጥንት 4 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት ያማታል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ለጥቂት ደቂቃ ያነክሳታል፣ ሰውነቷን ካፍታታች በኋላ ይለቃታል፣ ከጠንካራ ልምምድ በኋላ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ከጀመራት ሰንብቷል። አልቀላም፣ የጎላ እብጠትም የለውም።

ሜዳው ጃንሜዳ ነው፣ ዝናቡም አላባራም፤ የውድድሩ ዕለት ጭቃ እንደሚሆን ከወዲሁ ማሰብ ይሻላል። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ትሩጥ ወይስ ትቅር? ከሮጠች በቀሩት ቀናት ምን ትሥራ፣ ምንስ ትተው? ስለ ስፓይኩስ (ሥሩ ሚስማር ያለው የመሮጫ ጫማ) ምን ትላላችሁ? ብዙ ሰው «አስፋልትና ኮሮኮንች ትታ ለስላሳ ሳር ላይ ብቻ ትሩጥ፣ ጅማቱ ያርፋል» ይላል። እርጥብ ሳር ላይ ከሮጠች ማግስት ግን የሚብስባት ይመስላል።

ፊዚዮ_አራትኪሎ፦

ኮች፣ ምልክቱን አጥርተው ስለጻፉ ለመመለስ ይቀላል። ከተረከዙ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የሚያም ከሆነ የጅማቱ መሃለኛ ክፍል ሕመም ነው። ጅማቱ አጥንቱ ላይ በሚያያዝበት ቦታ ቢሆን አያያዙ ይለያል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ በጣትዎ ተጭነው ቦታውን ያረጋግጡ።

በመጀመሪያ ፈጽሞ መሮጥ የሚከለክሉትን እንለይ። ባቷን በድንገት ከኋላ የተመታች ያህል ተሰምቷት ከሆነ፣ ወይም በግራ እግሯ ብቻ በጣቶቿ መነሳት ካቃታት፣ በሆዷ ያስተኟት፤ እግሯ ከአልጋው ጫፍ ይንጠልጠል። ባቷን ሲጨምቁት እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ አለባት። ሕመሙ አጥንት ላይ በአንድ ነጥብ የተወሰነ፣ ሌሊት ተኝታ የሚቀሰቅሳት፣ በአንድ እግር ስትዘል የሚወጋት ከሆነ ደግሞ የአጥንት መሰንጠቅ ይጠረጠራል። ያኔም ውድድሩ ይቀራል።

ከእነዚህ ነጻ ከሆነች መሮጥ ትችላለች፣ ግን በቁጥር እየተመራች። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ትስጠው። ስዊድን ውስጥ ተሞክሮ አሁን በሰፊው የሚሠራበት ደንብ እስከ 5 ድረስ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታው በማግስቱ ጠዋት ሕመሙም መገተሩም ወደነበረበት መመለሱ ነው። ውድድር ለቀረባት ሯጭ በልምምድ ላይ 3ን ባታልፍ እመርጣለሁ። እየሮጠች የሚሰማት ብቻውን አያስተማምንም፤ ጅማት ሲሞቅ ሕመሙን ይደብቃል። ውሳኔ የሚሰጠው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ እንደወረደች ግድግዳ ይዛ በግራ እግሯ ብቻ 10 ጊዜ በጣቶቿ ትነሳ፣ የሕመሙን ቁጥር ደብተር ላይ ትጻፍ። ትናንት 2 የነበረው ዛሬ 4 ከሆነ ልምምዱ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀጣዩ ጠንካራ ልምምድ በአንድ ቀን ይገፋል።

አሁን 16ቱን ቀን እንከፋፍል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሩጫው በግማሽ ይቀነስ፤ ፍጥነት፣ ዝላይና ዳገት አይኑር። በቀን ሁለት ጊዜ ሳትንቀሳቀስ የምትይዘው ሥራ ትሥራ፦ በግራ እግሯ በጣቶቿ ተነስታ መሃል ላይ ስትደርስ 45 ሰከንድ ትያዝ፣ ሁለት ደቂቃ ትረፍ፣ አምስት ጊዜ ትድገም። ሰውነቷ ብቻ ከቀለላት 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በቦርሳ ትሸከም፤ 10 ኪሎ ማለት ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ከባድና ዝግ ያለ የባት ሥራ ይገባል፦ 8 ጊዜ በ4 ዙር፣ ለመውጣት 3 ሰከንድ፣ ለመውረድ 3 ሰከንድ፣ በዙሮቹ መካከል 2 ደቂቃ ተኩል እረፍት። ሁለቱ ዙር ጉልበት ተዘርግቶ፣ ሁለቱ ጉልበት ታጥፎ። ታጥፎ የሚሠራው ከታች ያለውን የባት ጡንቻ ስለሚመታ መዘለል የለበትም፤ በጭቃ ውስጥ ብዙውን ሸክም የሚይዘው እሱ ነው። የመጨረሻው ከባድ ሥራ ውድድሩ 5 ቀን ሲቀረው ይቁም።

ጅማቱ ከከባድ ሥራ በኋላ አንድ ቀን ተኩል ያህል ከሚገነባው የሚያፈርሰው ይበልጣል። ሁለት ጠንካራ ቀን ማከታተል የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ በመካከላቸው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይኑር። በዚያ መሃል ብስክሌት ወይም ውሃ ውስጥ መሮጥ ትንፋሿን ይጠብቅላታል። እስከ ውድድሩ ድረስ መስቀል አደባባይ ያለውን ደረጃ ትተወው። በጣት እየረገጡ መውጣቱ፣ በኮንክሪት ላይም መውረዱ ለዚህ ጅማት ሁለት እጥፍ ሥራ ነው።

ዋልካ_አዋቂ፦

«ለስላሳ መሬት ጅማት ያሳርፋል» የሚለው ለጉልበትና ለአጥንት በከፊል ይሠራል፤ ለተረከዝ ጅማት ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ልጅቷ የሚሰማት ትክክል ነው።

ጠንካራ መሬት ላይ ተረከዝ በቦታው ይቆማል። ጭቃ ላይ ግን ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚቱ ከወትሮው አብልጦ ይታጠፋል፣ ጅማቱም ተወጥሮ ባለበት ሸክም ይቀበላል። ከዚያ ለመገፋት ስትሞክር መሬቱ ይሸሻል። ባቷ አንድ ጊዜ ገፍቶ የሚጨርሰውን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በመጨረሻ ጭቃው ጫማውን ይስበዋል፤ እግሯን ለማውጣት የምታደርገው ድንገተኛ ነጠቃ ከሁሉም ይከፋል።

ጭቃ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ጥቁሩ ዋልካ ትንሽ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ጫማ ላይ ይደራረብና እግሩን ያከብደዋል። በደንብ ሲጠግብ ግን ያንሸራትታል እንጂ ያን ያህል አይጣበቅም። ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ከወጣ፣ ረፋድ ላይ የሚጠብቃችሁ የሚጣበቀው ነው። ቀዩ አፈር ቶሎ ይንጣፈፋል፣ ከላዩ ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ግን ጽኑ ነው፤ እዚያ ላይ ሚስማሩ ይይዛል። ሳሩ ያልተነቀለበት ቦታ ከሁሉም ይሻላል፣ ሥሩ አፈሩን ይዞታል።

ስለዚህ ቀላል ሩጫዋን ደረቅና ደልዳላ ኮሮኮንች ላይ ብታደርግ ለጅማቱ ይሻላል። ጭቃ ላይ የምትወጣው ለመልመድ ብቻ፣ በ16ቱ ቀን ሁለት ጊዜ ይሁን፦ ውድድሩ 10 ቀንና 6 ቀን ሲቀረው፣ በየጊዜው ከ3 እስከ 4 ጊዜ ለ3 ደቂቃ፣ በውድድር ፍጥነት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ባለስፓይክ፦

በሕጉ ልጀምር። ሰው ሠራሽ ባልሆነ መሬት ላይ የሚስማሩ ርዝመት እስከ 25 ሚሊሜትር ይፈቀዳል፣ በአንድ ጫማ ደግሞ ከ11 ሚስማር መብለጥ አይችልም። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት 6፣ 9፣ 12 እና 15 ሚሊሜትር ናቸው። ለጃንሜዳ ጭቃ 15 ነው። መንሸራተቱ ራሱ ባቷን ስለሚያደክማት የሚይዝ ሚስማር ለጅማቱም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ነገር ከሚስማሩ ይበልጣል። ስፓይክ ተረከዙ ዝቅ ያለ ነው። በቀን ተቀን የልምምድ ጫማ ተረከዝ ከፊት እግር 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ ስፓይክ ላይ ይህ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ይኸው ልዩነት በቀጥታ ጅማቱ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ተረከዙ ሥር የሚገባ ማሳደጊያ ነው። ማንኛውም ጫማ ሰፊ ይሠራዋል፦ ጠንካራ ቆዳ ወይም የማይረግብ ስፖንጅ፣ ከኋላ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር፣ ወደ ፊት እየሳሳ መሃል እግር ላይ ዜሮ የሚሆን። በማስቲሽ ከውስጥ ሶሉ ሥር ይለጠፍ፤ ካልተለጠፈ ጭቃ ውሃ ሲገባ ይንሸራተትና ጣቶቿ ሥር ይጠቀለላል። ለሁለቱም እግር ይሁን፣ ለአንዱ ብቻ ማድረግ ዳሌዋን ያዛባል።

ዋልካ_አዋቂ፦

ወንድሜ፣ በ15ቱ አልስማማም። ሚስማሩ ሥር ያለው መሬት ጽኑ ከሆነ 15 እግሩን ቸንክሮ ይይዘዋል፤ የላይኛው አካል ወደፊት ሲሄድ ጅማቱ ይጎተታል። 15 የሚያስፈልገው ጭቃው ከቁርጭምጭሚት አካባቢ በሚደርስበት ሜዳ ነው። ጃንሜዳ ላይ አብዛኛው ዙር ሳርና የተረገጠ አፈር ነው፣ ጭቃው በቁራጭ በቁራጭ ነው። ለጤነኛ እግር 15 ይሁን፤ ለዚህች ልጅ 12 ይበቃል።

ባለስፓይክ፦

ይህ ለዚህ ጉዳት ያስኬዳል። እንዲያውም ማደባለቅ ይቻላል፦ ፊት ለፊት ከጣቶቹ ሥር ያሉትን ሁለት ሚስማር 12፣ የኋለኞቹን 9። ዙሩን በእግር ዞራችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ጥልቅ ጭቃ ከሆነ ብቻ 15 ይግባ። የሚስማር መፍቻና ሁለቱን ልክ በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ።

ሰልባጅ ስፓይክ የሚገዛ ሰው ካለ ሚስማር የሚገባበትን ቀዳዳ ጥርስ አጥብቆ ይይ። ጥርሱ የተበላ ከሆነ ሚስማሩ በሁለተኛው ዙር ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ሚስማሩን ከማሰር በፊት ጥርሱን ትንሽ ግሪስ መቀባት አለበት፣ ካልሆነ ዝጎ አይወጣም።

አዲስ_ገቢ፦

ሰፈር ያሉ ወጌሻ ጅማቱን አሽተው ሊያላቅቁት ይችላሉ ተብላለች። ሌላ ሰው ደግሞ የውድድሩ ጠዋት ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንድትወስድ መክሯታል። ምን ትላላችሁ?

ፊዚዮ_አራትኪሎ፦

ባቷን፣ ማለትም ሥጋውን፣ ማሸት ጥሩ ነው፤ ያላላል፣ ለጅማቱም እፎይታ ነው። ታማሚውን ጅማት ራሱን በአውራ ጣት እየደመሰሱ ማሸት ግን በተለይ በመጨረሻው ሳምንት ያስቆጣዋል። እግር መሳብና ማስጮህ ፈጽሞ አይሞከር። ወጌሻው ጋር ከሄደች ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት ይሁን፣ ከባቱ በታች እንዳይነካ አስቀድማ ትንገር።

ዲክሎፌናክ በዶፒንግ ደንብ የተከለከለ መድኃኒት አይደለም፣ ነገር ግን ለዚህ ቀን አይመከርም። ሕመሙን ሲሸፍን የማቆሚያ ምልክቷን ይወስድባታል። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ሲወሰድ ኩላሊትን ይጫናል፣ ባዶ ሆድ ላይ ከሆነ ጨጓራ ያቃጥላል። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ግን ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። የስቴሮይድ መርፌም (ለሕመም የሚወጋው ኮርቲዞን) ከ2022 ወዲህ በየትኛውም ቦታ ቢወጋ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ከደንቡም በላይ ስቴሮይድ ጅማቱ ውስጥ ሲወጋ ያዳክመዋል፣ መበጠስንም ያመጣል።

አሁን ሁሉም ሯጭ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ልንገራችሁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች የተረከዝ ጅማትን የመጉዳትና የመበጠስ አደጋ አላቸው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከሁሉ የጠነከረውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አድርጓል። እኛ ዘንድ ለታይፎይድ፣ ለተቅማጥ፣ ለሽንት ቧንቧ ሕመም በብዛት ይሰጣሉ። አደጋው ከስቴሮይድ ጋር አብሮ ሲወሰድ ይጨምራል፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ኮች፣ ልጅቷ በቅርቡ እንዲህ ዓይነት ኪኒን ወስዳ እንደሆነ ይጠይቋት። ወስዳ ከሆነ ውድድሩን ትተው፣ ሐኪምም ያያት። ወደፊትም ሐኪም ሲያዝላት ሯጭ መሆኗንና ጅማቷ እንደሚያማት ትንገረው፤ ሌላ መድኃኒት የሚመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዙር_ቆጣሪ፦

ስለ ውድድሩ ዕለት ልጻፍ። ጃንሜዳ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ጭቃ ውስጥ በፍጥነት የጀመረ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ባቱ ይደክማል፤ የደከመ ባት ሸክሙን ለጅማቱ ያስረክባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር አጀማመር ራሱ የጉዳት ጉዳይ ነው።

ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ ትድረስ። ዙሩን በልምምድ ጫማ በእግሯ ትዙር፤ ጥልቅ ጭቃ የት እንዳለ፣ ሳር ያለው ጠርዝ በየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ፈረስ የረገጠው ጉድጓድ የት እንዳለ ትይ። ደርቆ የተሰነጠቀ የሰኮና ዱካ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል፤ በውሃ ከተሸፈነ ደግሞ አይታይም። ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ያን የ45 ሰከንድ አያያዝ አራት ጊዜ ትሥራ፤ ሕመሙን ለተወሰነ ጊዜ ያለዝባል። ከዚያ 20 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ ከዚያ በስፓይክ 4 ጊዜ 80 ሜትር ፍጥነት እየጨመረች። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ወደታች ጥሎ መሳሳብ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ሱሪና ሹራብ ለብሳ ትቆይ፤ በዝናብ ቅዝቃዜ ጅማቱ መልሶ ይገተራል።

ካልሲው ቀጭንና ከጥጥ ያልተሠራ ይሁን። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ተረከዝ ላይ ይንሸራተታል። የጫማው ማሰሪያ በላይኛው ተጨማሪ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ተረከዙን እንዲቆልፍ ይታሰር፣ ድርብ ቋጠሮ፣ ከላይ አንድ ዙር ፕላስተር። ቀነኒሳ በቀለ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ኤድንብራ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ጫማው ወልቆበት ቆሞ ካደረገ በኋላ ተመልሶ አሸንፏል። የታመመ ጅማት ይዞ ያንን ክፍተት ማሯሯጥ ግን ለሌላው ሰው አይሆንም፤ ቋጠሮው ላይ አንድ ደቂቃ ጨምሮ መቆየት ይሻላል።

ሩጫው ውስጥ፦ ጥልቅ ጭቃ ላይ እርምጃ ይጠር፣ ቶሎ ቶሎ ይሁን፣ እግር ከዳሌ በታች ጠፍጥፎ ይረፍ። በጣት መግፋት ይቅር፤ ጉልበትን አንስቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ዳገት ላይም እንዲሁ፣ ክንድና ዳሌ ይሥሩ። ሁሉም የረገጠው መንገድ በየዙሩ ይጠልቃል፤ በሦስተኛው ዙር ሁለት ሜትር ወጣ ብሎ ሳር ላይ መሮጥ፣ ርቀቱ ትንሽ ቢጨምርም፣ ይፈጥናል። ኩርባ ላይ ከመጠን በላይ ቆርጣ አትግባ፣ ውስጠኛው መስመር ሁልጊዜ የተቦካ ነው። ቁልቁለት ላይ በተረከዝ ፍሬን መያዝ አይሠራም፤ እርምጃ አሳጥሮ መልቀቅ።

ማቆሚያውን ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ። ሕመሙ ከ5 አልፎ አንድ ሙሉ ዙር ካልወረደ፣ ወይም አረጋገጧ ተለውጦ ማነከሷ ለተመልካች ከታየ ትውጣ። ይህን ራሷ ስለማታየው አንድ ሰው ዳገቱ ሥር ቆሞ ይይላት። ድንገተኛ የመምታት ስሜት ከመጣ ደግሞ አንድ እርምጃም አትጨምር፤ ተሸክማችሁ አውጧት።

ኮች_ስድስትኪሎ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲፕሮፍሎክሳሲኑን ዛሬ እጠይቃታለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከወንዶቹ አንዱ ሕመሙ አጥንቱ ላይ ነው፣ ጫማው የሚነካው ቦታ። ለእሱም ያው ነው?

ፊዚዮ_አራትኪሎ፦

ለእሱ ይለያል። እዚያ ቦታ ጅማቱ ከመወጠሩ በተጨማሪ አጥንቱ ላይ ይጫናል፤ ቁርጭምጭሚት ወደላይ በታጠፈ ቁጥር ጭነቱ ይብሳል። የባት ሥራውን ደልዳላ ወለል ላይ ብቻ ይሥራ፣ ተረከዙ ከወለሉ በታች አይውረድ፣ ባቱንም አይሳሳብ። የተረከዝ ማሳደጊያው ለእሱ የበለጠ ያስፈልገዋል። ጠንካራው የጫማ ጀርባ ቦታውን የሚፈትግ ከሆነ ጫማ ሰፊው ያለስልሰው። ጥልቅ ጭቃ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም በጣም መጥፎ ነው፤ ጠዋት ላይ ቁጥሩ ከ3 በላይ ከሆነ ይህን ውድድር ቢያልፈው እመክራለሁ።

ለሁለቱም ከውድድሩ በኋላ፦ እርጥቡን ካልሲ ወዲያው ይቀይሩ፣ 10 ደቂቃ በዝግታ ይራመዱ፣ ቤሶ ወይም ሌላ ምግብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይውሰዱ። በረዶ 10 ደቂቃ ማድረግ ሕመም ይቀንሳል፣ አያድንም። ጭቃ የገባበት ጭረት ካለ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የቆየባቸው ይከተቡ። ሦስት ቀን ሩጫ የለም። በአራተኛው ቀን የጠዋቱ ቁጥር ከውድድሩ በፊት ወደነበረው ከተመለሰ 20 ደቂቃ ደረቅ መሬት ላይ፤ ካልተመለሰ ሌላ ሁለት ቀን። የባቱ ከባድ ሥራ ከውድድሩ በኋላ በድጋሚ ተጀምሮ 12 ሳምንት መሙላት አለበት። ብዙ ሯጭ ሕመሙ ሲለቀው በአራተኛው ሳምንት ይተወዋል፣ በቀጣዩ ክረምትም ይመለስበታል።

ባለስፓይክ፦

ጫማውን በተመለከተ፦ ያው ዕለት ሚስማሮቹ ይውጡ፣ ጭቃው በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ ይታጠብ፣ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ ማስቲሹ ይለቃል፣ ማሳደጊያውም ሶሉም አብሮ ይነቀላል። ጋዜጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ በደረቅ ይቀየር።